በእጅ የተሠራው ቱባና ባለቤቱ

ቱባ ከናስ የሚሠራ፥ ድምፁ እጅግ የወፈረ ትልቅ የትንፋሽ መሣሪያ ነው። በ1835 ዓ.ም. (እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር) በበርሊን ከተማ ቪፕረኽትና ሞሪትስ የተባሉ ሁለት ሰዎች ፈለሰፉት።

ከቱባዎች ሁሉ ስመ ጥር የሆነው ግን በ1930ዎቹ በአሜሪካ፥ በግራንድ ራፒድስ ይገኝ የነበረው የዮርክ ፋብሪካ ሠራተኞች በእጃቸው የሠሩት ነው። ያሠራውም የፊላዴልፊያ ኦርኬስትራ መሪ ስቶኮቭስኪ ነበረ። የኦርኬስትራው ቱባ ነፊ ዶናቴሊ ግን ሰውነቱ ወፍራም ስለ ነበረ መሣሪያው አልመች አለው፤ ስለዚህ ለተማሪው ለአርኖልድ ጄከብስ በ175 ዶላር ሸጠለት። ተማሪውም ገንዘቡን በአንድ ጊዜ ለመክፈል ስላልቻለ ጥቂት በጥቂት ከፍሎ ጨረሰ።

ጄከብስ በዚህ ቱባ ከ1944 እስከ 1988 ዓ.ም. በቺካጎ ሲምፎኒ ኦርኬስትራ አገለገለ። አስም የነበረበት ሰው ሲሆን፥ ያለውን ትንፋሽ በሚገባ መጠቀምን ለብዙ ነፊዎች አስተማረ። በኋላም የስዊስና የጃፓን ሠሪዎች ቱባውን ለክተው አምሳያውን ሠሩ።

እንግዲህ ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፥ ለመምህሩ ያልተመቸው መሣሪያ በተማሪው እጅ ለዓለም መለኪያ ሆነ። የገንዘብ ማነስም ሆነ የትንፋሽ ማጠር ትጉህ ተማሪን አላገደውም።