ከባሮ ዳር እስከ አራት ኪሎ፦ የጋምቤላ ወንበር በላይኛው ምክር ቤት

ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክና የብሪታንያው መልእክተኛ ጆን ሌን ሃሪንግተን የኢትዮጵያንና የሱዳንን ድንበር የሚወስን ውል አዲስ አበባ ላይ ተፈራረሙ። ከውሉ አንቀጾች አንዱ በባሮ ወንዝ ዳር፣ ኢታንግ አካባቢ፣ የወንዝ ፊቱ ከ2,000 ሜትር፣ ጠቅላላ ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ መሬት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን ለሱዳን መንግሥት ያከራያል። ጣቢያው በተግባር የተቆረቆረው ጋምቤላ ላይ ነው፤ የዛሬዋ ከተማ ያደገችውም ከዚያ ጣቢያ ነው። ከውሉ በፊት ለዘመናት በባሮ ዳር ሲያርሱና ዓሣ ሲያጠምዱ የኖሩት አኙዋኮችም ሆኑ ከብታቸውን ይዘው ከግጦሽ ግጦሽ የሚዘዋወሩት ኑዌሮች በውሉ ላይ ፊርማ የላቸውም።

ጋምቤላ ለረጅም ጊዜ የሚመከርባት እንጂ የምትመክር ምድር አልነበረችም። ይህ ዳሰሳ የሚከተለው አንድ ጥያቄ ነው፦ በሀገሪቱ ላይኛው ምክር ቤት ውስጥ ለጋምቤላ ሕዝብ የሚናገረው ማን ነው? እሱንስ እዚያ ያስቀመጠው ማን ነው?

በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ

ኢትዮጵያ ሁለት ምክር ቤቶች ያሉትን ፓርላማ ያገኘችው በ1923ቱ ሕገ መንግሥት ነው። ላይኛው የሕግ መወሰኛ፣ ታችኛው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ተባለ። የመወሰኛው አባላት በንጉሠ ነገሥቱ የሚሾሙ መኳንንትና ባለሥልጣናት ነበሩ። የመምሪያው አባላት ደግሞ በመኳንንቱና በየአካባቢው ሹማምንት ተመርጠው ይላኩ ነበር። የተራው ሕዝብ ድምፅ ለሁለቱም አልደረሰም።

በዚያን ጊዜ የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ በሱዳን መንግሥት ይተዳደር ነበር። ክረምት ሲገባና ባሮ ሲሞላ መርከቦች ከካርቱም ተነሥተው ጋምቤላ ይደርሳሉ፤ ከጎሬና ከደምቢዶሎ በኩል የወረደውን ቡና ጭነው ይመለሳሉ። ከሀገሪቱ ቡና ከፊሉ በዚያ በር ይወጣ ነበር። በሩ የበለጸገውን ያህል የአካባቢው ሰው በማዕከሉ ፖለቲካ ውስጥ ቦታ አላገኘም።

ሱዳን ነፃ ስትወጣ የኪራዩ ውል አበቃና ጋምቤላ በ1949 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ አስተዳደር ተመለሰች፤ በኢሉባቦር ጠቅላይ ግዛት ሥር ሆነች። ርክክቡ የተፈጸመው የተሻሻለው የ1948ቱ ሕገ መንግሥት ከታወጀ ብዙም ሳይቆይ ነው። በዚህ ሕገ መንግሥት የመምሪያው ምክር ቤት ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ድምፅ እንዲመረጥ ተፈቀደ፤ በ1950 ዓ.ም. መጀመሪያ 210 እንደራሴዎች ተመረጡ። ይሁን እንጂ ለዕጩነት የሚቀርብ ሰው ቢያንስ 1,000 ብር የሚያወጣ የማይንቀሳቀስ ወይም 2,000 ብር የሚያወጣ የሚንቀሳቀስ ንብረት እንዲኖረው ይጠየቅ ነበር። መሬትን በወል ለሚይዝ ማኅበረሰብ ይህ ቀላል መስፈርት አልነበረም።

የላይኛው ምክር ቤት ሥርዓት ግን በመሠረቱ አልተለወጠም። የመወሰኛ አባላትን ለ6 ዓመት የሚሾሙት አሁንም ንጉሠ ነገሥቱ ነበሩ። ቁጥራቸው ከእንደራሴዎቹ ግማሽ እንዳይበልጥ ተወሰነ እንጂ ለጠቅላይ ግዛቶችም ሆነ ለብሔረሰቦች የተከፋፈለ ወንበር አልነበረም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ሲወርዱ ፓርላማውም ተዘጋ።

አንድ ሸንጎ፣ አንድ ፓርቲ

ከንጉሠ ነገሥቱ በኋላ ሥልጣን የያዘው ወታደራዊው ደርግ በ1979 ዓ.ም. ባጸደቀው ሕገ መንግሥት 835 አባላት ያሉት ብሔራዊ ሸንጎ አቋቋመ። ሁለተኛ ምክር ቤት አልነበረም፤ ዕጩዎችም ከብቸኛው ፓርቲ፣ ከኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ)፣ ዕውቅና ውጭ አያልፉም ነበር። በአንጻሩ ጋምቤላ በዚያ አዲስ አደረጃጀት ከኢሉባቦር ተለይታ ራሷን የቻለች አስተዳደር አካባቢ ሆነች። ለኋላው ክልል መሠረት ከጣሉት እርምጃዎች አንዱ ይህ ነው።

በ1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ የጋምቤላ ሕዝቦች ነፃነት ንቅናቄ በሽግግሩ ምክር ቤት ውስጥ ተወከለ። በቀጣዩ ዓመት በአዋጅ ቁጥር 7/1984 አገሪቱ በ14 ክልሎች ስትዋቀር ጋምቤላ «ክልል 12» ተባለ።

ወንበሩ የብሔረሰቡ ነው

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ሁለቱን ምክር ቤቶች መለሰ። አዲሱ ላይኛው ምክር ቤት፣ የፌዴሬሽን ምክር ቤት፣ ግን ከአሜሪካ ሴኔትም ሆነ ከቀድሞው መወሰኛ የተለየ ነው። ሕግ አያወጣም። ሕገ መንግሥቱን ይተረጉማል፣ በክልሎች መካከል የሚነሣ ክርክርን ይፈታል፣ የጋራ ገቢና የፌዴራል ድጎማ የሚከፋፈልበትን ቀመር ይወስናል፣ ሕገ መንግሥታዊ ሥርዓቱ አደጋ ላይ ሲወድቅ የፌዴራሉ መንግሥት ጣልቃ እንዲገባ ያዛል።

ዋናው ልዩነት ግን የወንበሩ ባለቤት ነው። አሜሪካ ውስጥ ትንሿም ትልቋም ግዛት እኩል 2 ሴናተር አላት። በኢትዮጵያ ወንበሩ የተሰጠው ለብሔር፣ ለብሔረሰብና ለሕዝብ ነው። አንቀጽ 61 እያንዳንዱ ቢያንስ 1 ተወካይ እንዲኖረው፣ ከዚያም ለእያንዳንዱ 1 ሚሊዮን ሕዝብ 1 ተጨማሪ ተወካይ እንዲታከልለት ይደነግጋል። ስለዚህ «የጋምቤላ ወንበር» ስንል በትክክል የምንናገረው ስለ ኑዌር፣ ስለ አኙዋክ፣ ስለ ማጃንግ፣ ስለ ኦፖና ስለ ኮሞ ወንበሮች ነው።

በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ የጋምቤላ ክልል ነዋሪ ከ306 ሺሕ በላይ ነበር፤ ከዚህ ኑዌር 46 በመቶ ገደማ፣ አኙዋክ 21 በመቶ ገደማ ነበሩ። ከአምስቱ አንዱም ወደ 1 ሚሊዮን አይጠጋም። ጥቂት ሺሕ ብቻ የሆኑት ኦፖዎች ከኑዌሮች እኩል ድምፅ ይኖራቸዋል ማለት ነው። ለትንንሽ ሕዝቦች ይህ ትልቅ ዋስትና ነው፤ በሌላ ሥርዓት በብዙኃኑ ተውጦ የሚቀር ስም እዚህ በጥሪ መዝገብ ላይ ይጠራል። በአጠቃላዩ ድምር ሲታይ ግን በሚሊዮን የሚቆጠሩት ብሔሮች በተጨማሪ ወንበር ይገዝፋሉ፤ በታችኛው፣ በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትም ጋምቤላ ያላት ወንበር 3 ብቻ ነው።

ክልሉ እንደ ክልል ከፍተኛ አቅም የሚያገኘው ሌላ ቦታ ላይ ነው። በአንቀጽ 105 መሠረት የመብቶችን ምዕራፍ ለማሻሻል የሁሉም ክልል ምክር ቤቶች ስምምነት ያስፈልጋል። ዛሬ ካሉት 12 ክልሎች የጋምቤላ ምክር ቤት ብቻውን «አልስማማም» ቢል ማሻሻያው ይቆማል። ይህን ሥልጣን በጋምቤላ ከተማ ጎዳና ላይ ስንቱ ወጣት ያውቀው ይሆን?

ያልተቆጠሩት ጎረቤቶች

ወንበሩ ለብሔረሰብ በመሰጠቱ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ከክልሉ ነዋሪ ከሩብ በላዩ ከአምስቱ ነባር ብሔረሰቦች ውጭ ነው፦ አማራ፣ ከፊቾ፣ ኦሮሞና ሌሎች፤ በአካባቢው አጠራር «ደገኛ» የሚባሉት። እዚያው ተወልደው ያደጉ አሉ፤ በአማርኛ የሚሠራ መሥሪያ ቤት፣ ሱቅና ትምህርት ቤት ውስጥ ኑሮአቸውን የመሠረቱ አሉ። በፌዴሬሽን ምክር ቤት ብሔራቸው ተወካይ አለው፤ ተወካዩን የሚልከው ግን የሌላ ክልል ምክር ቤት ነው። በክልሉ የአቦቦ ወረዳ የሚኖር ደገኛ የሚሄድበትን መንገድና የሚጠጣውን ውኃ የሚያውቅ ሰው ስለ እሱ እንዲናገር ሥርዓቱ መንገድ አላበጀም።

አምስቱም ቢሆኑ ተለይተው የሚወከሉ ብቻ ሳይሆኑ አብረው የሚኖሩም ናቸው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1996 ዓ.ም. በጋምቤላ ከተማ የጀመረው ግድያ የብዙ አኙዋኮችን ሕይወት ቀጠፈ፤ ሺዎችም ተሰደዱ። ጉዳዩን የሚያጣራ ኮሚሽን በአዋጅ የተቋቋመው በሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በኩል ነው። ከዚያም ወዲህ በአኙዋክና በኑዌር መካከል ደም የፈሰሰባቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም። እንዲህ ባሉ ቀናት ሕዝብ የሚፈልገው እንደራሴ ለብሔረሰቡ እየተከራከረ የጎረቤቱንም ለቅሶ ወደ አራት ኪሎ የሚያደርስ ሰው ነው።

ማን ይምረጥ?

አንቀጽ 61 ንዑስ አንቀጽ 3 የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትን የክልል ምክር ቤቶች እንደሚመርጡ ይናገራል። ወዲያው ግን ሌላ በር ይከፍታል፦ የክልል ምክር ቤቶች ራሳቸው ሊመርጡ ወይም በሕዝብ ቀጥተኛ ምርጫ እንዲመረጡ ሊያደርጉ ይችላሉ። እስካሁን በሥራ ላይ የዋለው የመጀመሪያው ነው። ላይኛው ምክር ቤት በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በሹመት ተሞላ፣ በደርግ ጊዜ ጭራሽ ጠፋ፣ ዛሬ በክልል ምክር ቤት ምርጫ ይሞላል። የጋምቤላ ገበሬ፣ አርብቶ አደርና ነጋዴ ለላይኛው ምክር ቤት በእጁ ወረቀት ጥሎ የላከው ሰው የለም።

አሜሪካውያንም ይህን መንገድ ተጉዘዋል። ከ100 ዓመት በላይ ሴናተሮቻቸውን የሚመርጡት የግዛት ምክር ቤቶች ነበሩ። ወንበር በጉቦና በፓርቲ ስምምነት ይያዛል የሚለው ቅሬታ ሲበረታ፣ አንዳንዴም ምክር ቤቶቹ መስማማት አቅቷቸው ወንበሩ ባዶ ሲቆይ፣ በ1913 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሕገ መንግሥታቸውን አሻሽለው ምርጫውን ለሕዝቡ ሰጡ። እነሱ ማሻሻያ አስፈልጓቸዋል፤ እኛ የሚያስፈልገን ሕገ መንግሥቱ የጻፈልንን መጠቀም ብቻ ነው።

ቀጥተኛ ምርጫ የብሔረሰብ ፉክክርን ያባብሳል የሚል ስጋት ይነሣል፤ በጋምቤላ ታሪክ ላይ ቆሞ ይህን ማንሳት ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ምርጫ ብሔረሰብ ከብሔረሰብ ጋር ለአንድ ወንበር አይሻማም። የአኙዋክ ወንበር የአኙዋክ ነው፣ የማጃንግም የማጃንግ። ፉክክሩ በአንድ ቤት ልጆች መካከል ነው፤ የሚጠይቀውም ማን የተሻለ ይናገርልናል የሚለውን ነው። ወጪውም ቢሆን ከባድ አይደለም፤ ጠቅላላ ምርጫ በየ5 ዓመቱ ሲካሄድ በዚያው ቀን፣ በዚያው ጣቢያ አንድ ወረቀት መጨመር ይበቃል።

በ2008 ዓ.ም. አሥረኛው የብሔር ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን በጋምቤላ ሲከበር ከሀገሪቱ ማዕዘናት የመጡ እንግዶች በባሮ ዳር ተሰብስበው የአምስቱን ሕዝቦች ጭፈራና አለባበስ አይተዋል። በዓሉ የሚከበረው ሕገ መንግሥቱ የጸደቀበትን ዕለት ለማስታወስ ነው። ዕለቱን ከልብ የሚያከብር ሰው ከጭፈራው ባሻገር ያለውን የድምፅ መብትም ሊያከብር ይገባል።

ስለዚህ ጥሪው ለጋምቤላ ክልል ምክር ቤት ነው፦ ተወካዮቹን በሕዝብ ቀጥተኛ ምርጫ የማስመረጥ መብታችሁን ለመጠቀም የማንንም ፈቃድ አትሹም፤ ውሳኔው የእናንተ ነው። ለአንባቢውም አንድ ቃል አለን። በላይኛው ምክር ቤት የሚወክልህን ሰው ስም ጠይቅ፤ ካላወቅከው ፈልገህ አግኘው፤ ባለፈው ስብሰባ ስለ አንተ ምን እንደተናገረም እንዲነግርህ ጠይቀው።