ጎሉ ከመደርደሩ በፊት ዘፈኑ ይመረጥ

እስቲ ጆሮ ስጡኝ። የጌም ቪዲዮ ወሬዬ ከእኛ አገር ርቆ በ1996 እ.ኤ.አ. ይጀምራል። ያን ዓመት «ክዌክ» የሚባል የተኩስ ጌም ወጣ። ጌሙ የተጫወቱትን ሁሉ «ዴሞ» በሚባል ፋይል ይመዘግብና መልሶ ያሳይ ነበር። የሚይዘው ምስሉን ሳይሆን ማን የት እንደነበረና ምን እንዳደረገ ነው፤ ፋይሉ ትንሽ ስለሆነም በዚያ ዘመን ኢንተርኔት እንኳ ይላክ ነበር። ሬንጀርስ የተባሉ ተጫዋቾች በዚያው ዓመት ሁለት ደቂቃ የማይሞላ ፊልም ሠሩበትና «ዳያሪ ኦቭ ኤ ካምፐር» አሉት። ዓመታት ሲያልፉ ተጫዋቹ ድሉን እየቆረጠ፣ ሙዚቃ እየደረበ ማሳየቱ፣ ሞንታዥ የሚባለው፣ ልማድ ሆነ።

አሁን ወሬውን ደቡብ ጎንደር፣ ስማዳ ወረዳ እናድርሰው፤ ወገዳ ከተማ። አንድ ልጅ እናስብ፣ ስሙ ይቆየን። ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ጆይስቲክ ጨብጦ ያደገ ነው። ፔስ በሚባለው የእግር ኳስ ጌም የጀመረው ፍቅር፣ ኮናሚ በ2021 እ.ኤ.አ. ጌሙን «ኢፉትቦል» ብሎ በነጻ ከለቀቀው በኋላ ወደ ስልኩ ተሻገረ። ያገባውን ጎል ሁሉ ሪከርድ እያደረገ አጠራቀመ። ከዚያ ሁሉንም ደርድሮ፣ የሰሞኑን ዘፈን ለቀቀበትና ወደ ጌም ቤቱ ባለቤት ሄደ።

«አያ፣ እስቲ ይዩልኝ።»

አያ ጥቂት አይተው ስልኩን መለሱለት። «ጎሉስ ጎል ነው፤ ሦስተኛው ላይ ግን ሰለቸኝ።»

ለምን አይሰለቹ! የጋይንት ጨዋታ አዋቂ ሽማግሌ የአንቺምን ጦርነት ሲያወራ፣ ስንቁ በስንት አጋሰስ እንደተጫነ ሲቆጥር አያመሽም። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ላይ ይደርስና አውሮፕላኑን ከሰማይ ያመጣዋል፤ የቤጌምድሩ ራስ ጉግሣ ወሌ ሲወድቁ ያሳያል። የቀረውን ይተዋል። የኛ ልጅ መተው አልቻለበትም።

ተመልሶ ተቀመጠ። ተመሳሳዩን ጎል ሁሉ ሰረዘ። አንድ ቅጣት ምት፣ አንድ በመጨረሻዋ ደቂቃ የገባች፣ አንድ ደግሞ ባዶ ጎል ፊት ለፊት ወደ ላይ የሰደዳት ኳስ አስቀረ። ይህቺን መሳቂያ ከምርጡ ጎል በፊት አገባት፤ የሳቀ ሰው ቀጥሎ ለሚመጣው ይነቃልና።

ቀጥሎ ዘፈኑን ብቻውን እየሰማ ምቱን በጣቱ ቆጠረ። በደቂቃ 120 ምት ያለው ዘፈን በየግማሽ ሰከንዱ ይመታል፤ በሰከንድ 30 ምስል በሚያሳይ ቪዲዮ ላይ ይህ ማለት 15 ምስል ነው። ታዲያ ምቱ ላይ የሚያርፈው መረቡ ሲናጥ አይደለም፤ እግሩ ኳሷን የነካባት ቅጽበት ናት። የእስክስታ ዘፈን ሲሆን ደግሞ ችክችካው ሦስት ሦስት እያለ ስለሚሄድ፣ ለአራት ምት የለመደ እጅ ይስታል። በጣት መቁጠር ይሻላል።

ሌላም አወቀ። ቀረርቶ ምቱ የላላ ነው፤ ድምፁ ይረዝማል፣ ማሲንቆው ይከተላል። እዚያ ላይ ቪዲዮ መቆራረጥ ነውር ነው፤ ተጫዋቹ ወደ ኳሷ ሲራመድ አንድ ረጅም ምስል ይበቃል። ሽለላው ሲሞቅ ቆረጣው ይፈጥናል። ከቅጣት ምቷ በፊት ደግሞ ዘፈኑን ለአንድ ሰከንድ ጭጭ አደረገው፤ የተመልካቹን ጫጫታ ብቻ ተወ። ከዚያ ምቷ! ዘፈኑም አብሮ ፈነዳ።

በተኩስ ጌም ላይ ፉከራ ልደርብ ብሎም ነበር። ተኩስ በሚሰማበት አገር ደስ አይልም ብለው የመለሱት አያ ናቸው።

ዘፈኑስ የማን ነው? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለዘፋኙም ለአሳታሚውም መብት ሰጥቷል፤ ዩቲዩብም የሰው ዘፈን ለይቶ የሚያውቅ ሥርዓት አለው። ልጁ ሰፈር ውስጥ ያለ አዝማሪ ለመነ፣ ተስማምቶ ከፈለና ማሲንቆውን በስልኩ ቀዳ። በዚህም ሞንታዡ የማንንም አይመስልም።

በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ እንዲህ ያለ ልጅ ሥራውን የሚያሳየው ከስልክ ወደ ስልክ እያስተላለፈ፣ አጠገቡ ለተቀመጠ ሰው ነበር። ይህ ደግሞ ከላይክ የበለጠ ያስተምራል፤ ሰው ዓይኑን ከስክሪኑ ያነሳባት ቦታ መቆረጥ ያለባት ቦታ ናት።

እናንተም ስልካችሁ ላይ ጎል ያጠራቀማችሁ ሁሉ፣ መጀመሪያ ዘፈኑን ምረጡ፣ ባለቤቱንም አስፈቅዱ። ከዚያ የጎላችሁን ግማሽ ሰርዙ። ካላሳዘናችሁ አሁንም ገና ብዙ ነው፤ ጨምራችሁ ሰርዙ።