ስንት ሰዎች ናቸው የሚያነቡት?

ባለፈው ሳምንት «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ከስልኬ ክፍል ውስጥ አሰማሁ። አንዱ ተማሪ «ቲቸር፣ ስንት ሰዎች ናቸው የሚያነቡት?» አለኝ። አንድ ሰው ነው ብለው ሳቀብኝ።

ወጋየሁ ንጋቱ ነው! እኔ የተወለድኩት እሱ በ1982 ዓ.ም. ካረፈ በኋላ ስለሆነ መድረክ ላይ አልደረስኩበትም። የዚያን ጊዜ ቴአትር መጋረጃው ሲዘጋ አለቀ፣ ያየ ያውራው ነው። ሬዲዮው ግን ቀረልን።

የሐዲስ ዓለማየሁ መጽሐፍ የታተመው በ1958 ዓ.ም. ነው። ግን ማንበብ የሚችለው ስንቱ ነበር? በኢትዮጵያ ሬዲዮ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ወጋየሁ ሲተርከው ነው ያላነበበውም የሰማው። እናቴ ፊደል ሳትቆጥር ሰብለን እንደ ጎረቤቷ ልጅ ታወራላችኋለች።

ፊታውራሪ መሸሻንም፣ በዛብህንም፣ ሰብለንም በአንድ ጉሮሮ። ለእኔ ግን ትልቁ ሥራው ጉዱ ካሳ ነው። አገሬው እብድ ይለዋል፤ ወጋየሁ እብድ አድርጎ አልተጫወተውም። ከሁሉም ጤነኛው እሱ እንደሆነ ድምፁ ላይ ይሰማችኋል። (የድሮ ተማሪዎቼ፣ ይሄን ስንቴ እንደነገርኳችሁ አውቃለሁ፣ ቻሉኝ።)

ደወል ከተደወለ በኋላ ያ ልጅ ተመልሶ መጣ፤ «ቲቸር፣ በቴሌግራም ይላኩልኝ።»