ባል ጡረታ ወጣ፤ ሚስትስ?

የአሰላ ስም ሲነሣ ለብዙው ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው ሩጫ ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1965 ዓ.ም. የተወለደው በዚያው አካባቢ ነው፤ ደብተሩን በክንዱ ይዞ ወደ ትምህርት ቤት የሮጠውን መንገድ ያልሰማ የለም። ከአሰላ ወደ ደቡብ ሲሄዱ የምትገኘው በቆጂም ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን አብቅላለች። ዳሩ ግን አሰላ ውስጥ ጥቂት ቀን የሰነበተ እንግዳ ሌላ ዓይነት ሩጫ መኖሩን ያስተውላል። ይህኛው ሰዓት አይያዝለትም፣ ሜዳሊያም የለውም። ሯጮቹ ሰባ ዓመትን የተሻገሩ ባልና ሚስት ናቸው።

ስማቸውን አንጠራም፤ የአንድ ቤት ሰዎች ሳይሆኑ ከብዙ ቤት የተውጣጡ ምሳሌ ናቸውና። አሰላን የሚያውቅ አንባቢ ግን ሲያያቸው ይለያቸዋል። ጎረቤቱ ባልየውን «ጋሼ»፣ ሚስቲቱን «እትዬ» ይላቸዋል፤ እኛም እንደ ጎረቤት እንጥራቸው። ጋሼ በወጣትነታቸው ከሌላ ክፍለ ሀገር በሥራ መጥተው የቀሩ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጡረተኛ ናቸው። እትዬ እዚያው ጭላሎ ሥር ከአርሲ ኦሮሞ ቤተሰብ የተወለዱ፣ ስድስት ልጅ አሳድገው የዳሩ የቤት እመቤት ናቸው።

የጭላሎ ጉም ከከተማው ጣሪያ ላይ ሳይነሣ ሁለቱም ከቤት ወጥተዋል። ጋሼ ጋቢያቸውን ደርበው በከዘራቸው ወደ ዕድሩ ስብሰባ፣ ከዚያ ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ ወደ ባንክ ይሄዳሉ። እትዬ ላሟን አልበው፣ ወተቱን ለደንበኛ ሰጥተው፣ ፉሩሽካ ፍለጋ ወጥተዋል፤ ሲመለሱ ወፍጮ ቤት ወረፋ ይጠብቃቸዋል፤ ከሰዓት በኋላ አራስ መጠየቅ አለ። «ጡረታ ወጥተው እንዲህ መባከን ምንድን ነው?» ብሎ የሚጠይቃቸው ቢኖር፣ ጋሼ «ሥራ የበዛብኝ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ነው» ማለታቸው አይቀርም። እትዬ ግን ዝም ይላሉ። ጥያቄው እሳቸውን አይመለከትምና። እሳቸው ጡረታ ወጥተው አያውቁም።

«ጡረታ» የሚለው ቃል ከ«መጦር» ጋር የተሣሠረ ነው። መጦር ማለት የደከመን ማብላት፣ ማልበስ፣ መደገፍ ነው። እንግዲህ ተጧሪ ካለ ጧሪ አለ። ለመሆኑ በአርሲ ምድር ጧሪው ማን ነበር? ይህ ጥያቄ የእነዚህን ባልና ሚስት የዕለት ውሎ ከአገሪቱ ታሪክ ጋር ያገናኘዋል።

መሬት ጡረታ በነበረ ጊዜ

ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ የላኩት ጦር፣ በኋላ በራስ ዳርጌ እየተመራ፣ አርሲን ለማስገበር ለዓመታት ተዋግቷል። የአርሲ ኦሮሞ ጽኑ መከላከል የተሰበረው በ1878 ዓ.ም. ማለቂያ፣ በጳጉሜን ወር በተደረገው የአዙሌ ጦርነት ነው። ከዚያ በኋላ ሰፊ መሬት ከባለቤቱ እጅ ወጥቶ ለወታደር፣ ለሹም፣ ለቤተ ክህነት ተሰጠ። ነባሩም ሰው ገባር ሆነ። የመንግሥት ካዝና ደመወዝ የሚከፍልበት ጥሬ ገንዘብ በሌለው ዘመን ደመወዙም፣ ጡረታውም መሬት ነበር። ማደሪያ የሚባለው ይኸው ነው፤ መንግሥትን ያገለገለ ሰው መሬት ይቆረጥለትና ከዚያ ላይ የሚኖረው ገበሬ ይጦረዋል።

ጣልያን በ1933 ዓ.ም. ከወጣ በኋላም ነገሩ አልቆመም። ለአርበኛ፣ ለስደተኛ፣ ለወታደርና ለመንግሥት ሠራተኛ መሬት በጋሻ ይታደል ጀመር። አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር የሚጠጋ ስፋት አለው። አርሲ ሰፊና ለም በመሆኑ ከዚህ ዕደላ ብዙ ድርሻ ወድቆበታል። የመሬቱ ጌታ ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ተቀምጦ የሲሶውን ወይም የእኩሌታውን እህል ይቀበላል፤ ጭሰኛው ያርሳል፣ ያጭዳል፣ ይወቃል። በሌላ አነጋገር፣ የአንዱ ሰው የእርጅና ዋስትና በሌላው ሰው ጫንቃ ላይ ነበር።

ስዊድኖች የመጡ ጊዜ

የዛሬዋን አሰላ የሠራት ግን ይህ ብቻ አይደለም። በ1960 ዓ.ም. መባቻ የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተስማምተው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭሩ «ካዱ»፣ አሰላ ላይ ተቋቋመ። ከወጪው አብዛኛውን የሸፈነችው ስዊድን ነበረች። የማዳበሪያና የምርጥ ዘር ብድር፣ የእህል መሰብሰቢያ ማዕከል፣ የተሻሻለ ማረሻና መከስከሻ የሚሠራበት ክፍል፣ የወተት መሰብሰቢያ፣ የመንገድና የውኃ ሥራ ተጀመረ። ከአሰላ በስተሰሜን ባለው ቁሉምሳ የስንዴ ዝርያ ይፈተን ጀመር፤ ቁሉምሳ እስከ ዛሬ በአገሪቱ ከታወቁት የስንዴ ምርምር ማዕከላት አንዱ ነው። የፈረንጅ ኮርማ ከአርሲ ላም ጋር ተዳቀለ። ዛሬ እትዬ በጓሮአቸው የሚያልቧት ላም የዚያ ሙከራ የልጅ ልጅ ናት ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ካዱ ሰው ይዞ መጣ። የመጋዘን ጸሐፊ፣ ሹፌር፣ መካኒክ፣ የእርሻ ባለሙያ፣ ታይፒስት፣ አስተማሪ፣ ነርስ ከየአገሩ ወደ አሰላ ጎረፈ። ጋሼም የዚያ ጎርፍ ልጅ ናቸው። ደመወዝተኛ በበዛ ቁጥር የሚከራይ ቤት፣ ሻይ ቤት፣ ልብስ ሰፊና ጠላ ቤት በዛ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የተቀመጠችው ቀዝቃዛ ከተማ ሞቅ ሞቅ አለች።

ታዲያ ልማቱ ያልታሰበ መዘዝ አመጣ። ስንዴ አትራፊ ሲሆን ባለመሬቱ ትራክተር ማስገባት ያዘ፤ ትራክተር ሲገባ ጭሰኛ አላስፈለገም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት በጭላሎ ብዙ ጭሰኞች ከኖሩበት መሬት ተፈናቀሉ። አነስተኛውን ገበሬ ሊረዳ የመጣው ድርጅት በዓይኑ ሥር ሲፈናቀል አየው። የመሬት ሥርዓቱ ሳይለወጥ እርሻው ብቻ ቢሻሻል ጥቅሙ ለማን እንደሚሆን ጭላሎ ለዓለም ትምህርት ሆነች፤ ስለዚህም ነገር ብዙ የውጭ ምሁራን ጽፈዋል።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሲታወጅ ጭሰኝነት አበቃ። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ ቀበሌ የሚባለው የከተማ ነዋሪ ማኅበርም ከዚያ ጋር ተወለደ። ካዱ ሥራውን ከጭላሎ አውራጃ ወደ ሌላውም የአርሲ ክፍል አስፍቶ «አርዱ» ተባለ፤ ከዚያም ባሌ ተጨምሮበት ሌላ ስም ያዘ። በ1970ዎቹ መጨረሻ ስዊድኖች ሄዱ። ስሙ እየተለዋወጠ፣ አለቃው እየተቀያየረ፣ ጋሼ ግን እዚያው ሠርተው እዚያው ሸበቱ።

በገንዘብ መጦር

መሬት መስጠቱ እየቀረ በምትኩ የገንዘብ ጡረታ የመጣው በሕግ ነው። በ1953 ዓ.ም. ድንጋጌ ወጣ፤ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 ተከተለ። ሠራተኛው ከደመወዙ 4 በመቶ ያዋጣል፣ መንግሥት 6 በመቶ ይጨምራል። ዛሬ ለመንግሥት ሠራተኛ መዋጮው 7 እና 11 በመቶ ደርሷል። የግል ድርጅት ሠራተኛ ግን እንዲህ ያለ የሕግ ዋስትና ያገኘው በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ነው።

በእነዚህ አዋጆች ቋንቋ ጡረታ የሚታሰበው በአገልግሎት ዘመን ነው። አገልግሎት ማለት ደግሞ በደመወዝ መዝገብ ላይ የሰፈረ ሥራ ነው። ገበሬው፣ ባለጋሪው፣ ጉሊት የምትቸረችረው፣ ወፍጮ ቤት የምትሠራው በመዝገቡ የሉም። እትዬም የሉም። ጋሼ ሠላሳ ምናምን ዓመት በሰዓቱ ቢሮ የገቡት ቁርሳቸው ስለቀረበ፣ ልብሳቸው ስለታጠበ፣ ልጅ ሲታመም ሌላ ሰው ስላደረ ነው። ይህ ሁሉ በአገልግሎት ዘመን አልተቆጠረም። ሕጉ እትዬን የሚያውቃቸው በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ ጋሼ ቢሞቱ የጡረታቸው እኩሌታ ለሚስት ይከፈላል። እትዬ የራሳቸው ድካም ዋጋ ስሙ የሚጠራው ባላቸውን ቀብረው ሲመለሱ ነው ማለት ነው።

የጉዳዩ መዝገብ

አሁን ወደ ዛሬው ውሎ እንመለስ። ጋሼ የሚኖሩባት ቤት የቀበሌ ቤት ናት፤ ስለዚህ ጣሪያው ቢያፈስ የ1967ቱ አዋጅ ነው ከቀበሌ ደጅ የሚያስቆማቸው። ዕድሩ በወር በሚዋጣ ገንዘብ ድንኳን፣ ድስትና አግዳሚ ወንበር ገዝቷል፤ ጋሼ ድሮ መጋዘን ጠብቀዋልና የዕቃው መዝገብ በእጃቸው ነው። ዕድር በከተሞቻችን እየሰፋ የሄደው ይልቁንም ከጣልያን ወረራ ወዲህ ነው፤ ዘመዱን አገር ቤት ትቶ የመጣ ሰው የሚቀብረው ጎረቤት ስላስፈለገው ነው። አሰላን በመሰለች የመጤና የነባር ከተማ ደግሞ ዕድር ከመቅበር ያለፈ ሥራ ነበረው። መስጊድ የሚሄደውና ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው በአንድ ድንኳን ሥር ተቀምጠው ሐዘንተኛ ያጽናናሉ።

የእትዬ መንገድ ከዚህ ይረዝማል። ፉሩሽካው ከዱቄት ፋብሪካ፣ አተላው ከጠላ ሻጭ ጎረቤት ይመጣል። ገብሱ ለበሶና ለጩኮ ይቆላል፤ ከአርሲ ቅቤ ጋር የታሸ ጩኮ አዲስ አበባ ላሉት ልጆች በአውቶቡስ ይላካል፤ መንገዱ 175 ኪሎ ሜትር ነው። ዱሮ ጋሪ ይዘው ይሄዱበት የነበረውን ሰፈር ዛሬ በባጃጅ ይደርሱበታል፤ ለባጃጅ የሚሆን ሳንቲም ሲጠፋ በእግር። የጡረታው ብር ከወሩ አጋማሽ እምብዛም አይዘልም፤ ቀሪውን ግማሽ ወር የምትሸፍነው ላሟ ናት። የላሟ ጠባቂ ደግሞ እትዬ። እንግዲህ በዚህ ቤት ጧሪው ማን እንደሆነ አንባቢ ይፍረድ።

ከዚህም ሌላ እትዬ የሚጠሩበት ጉዳይ አለ። በአርሲ ኦሮሞ ባህል ሴት ልጅ ስትዳር ከእናቷ ሲንቄ የሚባል ዘንግ ትቀበላለች። ሴት በደል ሲደርስባት፣ በተለይ አራስ ስትነካ፣ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በእልልታ ይወጣሉ፤ በዳይ ጥፋቱን አምኖ እስኪክስ ወደ ቤታቸው አይመለሱም። ሁለት ወገን ሲጣላም ሲንቄ የያዙ ሴቶች መካከል ከገቡ ጠብ መቆም አለበት። እትዬ ከተማ ውስጥ ቢኖሩም ሲንቄያቸው ከጓዳ ቆሟል፤ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማች በድንበር ሲካሰሱ «እትዬ ይምጡልን» ይባላል። ለዚህም አበል የለውም።

ይህ ሁሉ ትንንሽ ጉዳይ ይመስላል። ግን ትልቅ ነገር ተሸክሟል። በ1984 ዓ.ም. በአርባ ጉጉ፣ ኋላም በ2012 ዓ.ም. ክረምት በአንዳንድ የአርሲ ከተሞች ጎረቤት በጎረቤት ላይ ሲነሣ ደም ፈሷል፤ ቤትና ሱቅ ተቃጥሏል። አራስ መጠየቁ፣ ለቅሶ መድረሱ፣ ጠብ ማብረዱ ያን ሁሉ ሊያስቀር አልቻለም። ይህን አለመናገር ታሪክን ማሽሞንሞን ይሆናል። ነገር ግን ጥይቱ ሲያቆም ሰው መልሶ የሚነጋገርበት በር የቱ ነው? መንግሥት በአዋጅ የሚከፍተው በር አይደለም። አራስ የተጠየቀችበት፣ ድንኳን የተዋሱበት፣ ወተት የተቀባበሉበት በር ነው። እሱን በር በየቀኑ እየከፈቱ የሚዘጉት እነ ጋሼና እነ እትዬ ናቸው።

ችግሩ ተተኪው ነው። ልጆቹ አዳማ፣ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ባሕር ማዶ ናቸው። ገንዘብ ይልካሉ፤ ወላጅን መጦርም ይሉታል፤ ይመሰገናሉም። ዳሩ ግን ገንዘብ የወፍጮ ቤት ወረፋ አይጠብቅም፣ የዕድር መዝገብ አይጽፍም፣ በሁለት የተጣሉ ሰዎች መካከል አይቆምም። አሰላ ዛሬ ዩኒቨርሲቲ ያላት፣ ፎቅ የምትሠራ ከተማ ናት፤ ወጣት አላጣችም። ያጣችው ለማይከፈልበት ጉዳይ ጠዋት የሚወጣ ሰው እንዳይሆን ያሰጋል።

ከመቶ ዓመት በላይ በአርሲ ምድር የጧሪው ማንነት ሲለዋወጥ አየን። መጀመሪያ ገባሩና ጭሰኛው፣ ቀጥሎ ካዝናው፣ አሁን ደግሞ ባሕር ማዶ ያለው ልጅ። በሁሉም ዘመን ሳትለወጥ፣ በየትኛውም መዝገብ ሳትጻፍ የቆየችው ጧሪ እትዬ ናት። የጭሰኛው ዕዳ በአንድ ቀን አዋጅ ተሰረዘለት። የእትዬን ዕዳ ግን የጻፈው ስለሌለ የሚሰርዘው አልተገኘም።

ወደ ማታ ነው። ጋሼ ከባንክ ተመልሰው የዕድሩን ደብተር ጠረጴዛ ላይ ዘርግተዋል። እትዬ ገና አልገቡም። ላሟ ደጅ ላይ ትጮኻለች። ጋሼ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ደብተሩን አጥፈው ተነሡና የማለቢያውን ዕቃ ፈለጉ። የት እንደሚቀመጥ እስከ ዛሬ አያውቁም ነበር።