ቀጭን ተጣጣፊ ድምጽ ማጉያ

ቀጭን ተጣጣፊ ድምጽ ማጉያ (ስፒከር) እንደ ወረቀት ስስና ተጣጣፊ የሆነ፣ ግድግዳን ወይም ሌላ ገጽን የድምጽ ምንጭ ማድረግ የሚችል መሣሪያ ነው። ከታወቁት ምሳሌዎች አንዱ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ተቋም (ኤም.አይ.ቲ.) ተመራማሪዎች ጂንቺ ሃን፣ ጄፍሪ ላንግ እና ቭላዲሚር ቡሎቪች እ.ኤ.አ. በ2022 ይፋ ያደረጉት ነው። የእጅ መዳፍ የሚያህለው ይህ ስፒከር ክብደቱ 2 ግራም ገደማ ነው።

መሠረታዊ አሠራር

በተለመደው ስፒከር ውስጥ ኤሌክትሪክ በሽቦ ጥቅል ሲያልፍ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጠራል። ይህም ጥቅሉንና ከእሱ ጋር የተያያዘውን ሾጣጣ ሽፋን ያንቀሳቅሳል፤ ሽፋኑም አየሩን እየገፋ ድምጽ ያወጣል። ቀጭኑ ስፒከር ግን ጥቅልም ማግኔትም የለውም። የሚሠራው ቮልቴጅ ሲሰጠው ቅርጹን በሚለውጥ ፒዞኤሌክትሪክ ቁስ ነው። የፒዞኤሌክትሪክን ክስተት ወንድማማቾቹ ዣክ እና ፒየር ኩሪ እ.ኤ.አ. በ1880 አገኙት። ፒ.ቪ.ዲ.ኤፍ. የተባለው ፕላስቲክም ይህ ጠባይ በጉልህ እንዳለው ጃፓናዊው ሄጂ ካዋይ እ.ኤ.አ. በ1969 አሳየ።

የመለጠፍ ችግርና መፍትሔው

ቀደም ያሉት ስስ ስፒከሮች ድምጽ የሚያወጡት ሽፋኑ በሙሉ ሲርገበገብ ነበር። ስለዚህ ግድግዳ ላይ ሲለጠፉ ንዝረታቸው ይታፈናል፤ ድምጻቸውም ይደክማል።

የኤም.አይ.ቲ. ተመራማሪዎች ሽፋኑ በሙሉ ሳይሆን በላዩ ያሉ ጥቃቅን ጉልላቶች ብቻ እንዲንቀሳቀሱ አደረጉ። በመጀመሪያ ስስ የፕላስቲክ ሉህ በሌዘር ይበሳሳል። ከሥሩ 8 ማይክሮሜትር ውፍረት ያለው የፒ.ቪ.ዲ.ኤፍ. ሽፋን ይለጠፋል። ከዚያ ከላይ አየሩ ሲመጠጥና ከታች በ80 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲሞቅ፣ ሽፋኑ በቀዳዳዎቹ በኩል ይነፋል። የጉልላቶቹ ቁመት 15 ማይክሮሜትር ሲሆን፣ ሲሠሩ ከፍና ዝቅ የሚሉት ግማሽ ማይክሮሜትር ያህል ብቻ ነው። አንዱ ብቻውን አይሰማም፤ ሺዎቹ በአንድነት ሲርገበገቡ ግን ድምጽ ይፈጠራል። የፕላስቲኩ ሉህ ደግሞ ጉልላቶቹን ከመፋቅ ይጠብቃል።

አቅምና ገደብ

በ25 ቮልት ሲሠራ በ30 ሴንቲሜትር ርቀት የተለካው ድምጽ በ1 ኪሎኸርዝ 66 ዴሲቤል ሲሆን፣ ይህ የተለመደ ንግግርን ያህላል። በ10 ኪሎኸርዝ 86 ዴሲቤል ደርሷል፤ ይህም የከተማ የመኪና ጫጫታን ያህላል። ከልኬቱ እንደሚታየው መሣሪያው ለቀጭን ድምጽ ይበልጥ ይስማማል። ወፍራም ድምጽ ብዙ አየር መግፋትን ስለሚጠይቅ፣ ለጥቂት የሚንቀሳቀሱት ጉልላቶች ይከብዳቸዋል።

በኃይል ቁጠባ በኩል አንድ ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ሽፋን 100 ሚሊዋት ያህል ሲፈጅ፣ ተመሳሳይ ድምጽ የሚሰጥ የቤት ስፒከር ከ1 ዋት በላይ ይፈልጋል።

ሊሰጥ የሚችላቸው አገልግሎቶች

* ጫጫታን መቀነስ፦ በአውሮፕላን አብራሪ ክፍል ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ከጫጫታው ጋር እኩል ነገር ግን ተቃራኒ የሆነ የድምጽ ሞገድ በማውጣት ጫጫታውን ሊያጠፋ ይችላል።
* መዝናኛ፦ በቲያትር ቤት ወይም በመዝናኛ ፓርክ ድምጹ አድማጩን ከየአቅጣጫው እንዲከበው ያደርጋል።
* ተንቀሳቃሽ መሣሪያዎች፦ ኃይል ቆጣቢና ቀላል ስለሆነ ባትሪያቸው ውስን ለሆነ መሣሪያዎች ይስማማል።
* አልትራሳውንድ፦ የሰው ጆሮ የማይሰማውን ሞገድ በመልቀቅ ለሕክምና ምስል፣ እንዲሁም ሰው በክፍል ውስጥ መኖሩን ለማወቅ ሊውል ይችላል።