ስለ አሮጌ መጽሔቶች የሽፋን ሥዕል

አሮጌ መጽሔት መሰብሰብ የባለጠጋ ጨዋታ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ዛሬ በውድ የሚፈለጉት እነዚህ ወረቀቶች ግን ሲታተሙ የድሃ ገንዘብ የሚገዛቸው ነበሩ። በ1863 ፓሪስ ላይ የተቋቋመው «ለ ፔቲ ዡርናል» ጋዜጣ ዋጋው አምስት ሳንቲም ብቻ ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ1890ዎቹ በየቀኑ አንድ ሚሊዮን ያህል ቅጂ ሲሸጥ፣ በየሳምንቱ የሚወጣው ተጨማሪ እትም ደግሞ ፊቱና ጀርባው በቀለም ሥዕል ያጌጠ ነበር። ፎቶግራፍ ቢኖርም በቀለም፣ በብዛትና በርካሽ ማተም ገና አልተቻለም። ስለዚህ ሠዓሊው የደረሰውን ወሬ አንብቦ፣ የቀረውን ከራሱ ጨምሮ ይሥላል።

ከነዚህ ሽፋኖች አንዱ እኛን ይመለከታል። በ1898 የወጣው አንድ ቁጥር ዐፄ ምኒልክን በዐድዋ ጦርነት ላይ ያሳያል። ዐድዋ የተደረገው በመጋቢት 1896 ነውና ሥዕሉ የተሣለው ጦርነቱ ካለፈ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እዚያው ፓሪስ ነው። ታዲያ ምን ይጠቅመናል? የዐድዋን ሜዳ አያስረዳንም። የፓሪስ ሠራተኛ በአምስት ሳንቲም ስለ ኢትዮጵያ ንጉሥ ምን እንዳየ ግን ያስረዳናል፤ ይህንን ደግሞ ሌላ ሰነድ እንዲህ አጥርቶ አይነግረንም።

ኢጣሊያኖችም በ1899 ሚላኖ ላይ «ላ ዶሜኒካ ዴል ኮሪየሬ» የተባለውን ሳምንታዊ አወጡ። እስከ 1989 ቆይቷል። አኪሌ ቤልትራሜ የሚባል ሠዓሊ ከአርባ ዓመት በላይ ሽፋኑን ሠራ፤ ከሣለው አብዛኛውን በዓይኑ አላየውም። እጁ ግን ድንቅ ነው፤ ጠላት ነው ብዬ ጥበቡን አልክድም። በ1935 እና በ1936 ሀገራችን ስትወረር የእነርሱን ወታደር ጀግንነት ሣለ። በሳንሱር ዘመን የሰናፍጭ ጋዝ ሽፋን ላይ አይወጣም፤ የኢጣሊያ መከላከያ ሚኒስቴር ጋዙን በይፋ ያመነው በ1996 ነው። እንግዲህ ሰብሳቢው የተሣለውን ብቻ ሳይሆን ያልተሣለውንም መቁጠር አለበት።

የእነዚህ መጽሔቶች ወረቀት ከእንጨት የተሠራ፣ በውስጡ አሲድ ያለበት ነው። ፀሐይ ሲያገኘው ይቢጫል፤ ቆይቶም እንደ ደረቅ እንጀራ ይፈረፈራል። ነጋዴዎችም ሽፋኑን ቆርጠው በመስታወት አስገብተው ስለሚሸጡት፣ ሙሉው ቅጂ እየጠፋ ሄዷል። ተቆርጦ የቀረ ሽፋን ስለ ምን እንደተሣለ የሚናገረው ጽሑፍ አብሮት የለም።

እኛም ቤት ይህ ልማድ አለ። ሽፋን በዱቄት ሙጫ ግድግዳ ላይ እንለጥፋለን፤ ምስጡም ሙጫውን ፍለጋ ይመጣል። መለጠፉ ካልቀረ የመጽሔቱን ስም፣ ወርና ዓመተ ምሕረት ጠርዙ ላይ በእርሳስ ጻፉበት። የድሮ «መነን» መጽሔት በሻንጣው ይዞ የመጣ ካለም ሳይቆርጠው ያሳየን፤ እዚሁ አንብበን እንመልሳለን።