መቅጃውና ዲስኩ
የአሮጌ መሣሪያና የአዲስ ዲስክ አለመጣጣም አጭር ታሪክ

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ይህን ታሪክ ለመረዳት ከዲስኩ ቅርጽ መጀመር ይገባል። ፊሊፕስና ሶኒ በጋራ ያዘጋጁት የሙዚቃ ሲዲ እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ ከቀረበበት ጊዜ አንሥቶ የዲስኩ ስፋት 12 ሴንቲሜትር፣ ውፍረቱም 1.2 ሚሊሜትር ሆኖ ኖሯል። በኋላ የመጡት ዲቪዲና ብሉ ሬይም ከዚህ ልክ አልወጡም። ስለዚህ አንድ ባለሙያ አዲስ ዲስክ በአሮጌ መቅጃ ውስጥ ሲያስገባ መሳቢያው ያለ ችግር ይቀበለዋል። መሳቢያው የተቀበለውን ሁሉ ግን ሌዘሩ አይቀበለውም። ብዙ ሥራና ብዙ መዝገብ የተበላሸው በዚህ ልዩነት ሳቢያ ነው።

ባዶ ሲዲ እንዲቀዳበት የሚያስችለውን ደንብ ፊሊፕስና ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1990 ኦሬንጅ ቡክ በተባለው ሰነድ ደነገጉ። በዚህ ደንብ መሠረት ዲስኩ ስስ የቀለም ሽፋን አለው፤ 780 ናኖሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ሌዘር ቀለሙን በሙቀት እየለወጠ ምልክት ይተዋል። በዲስኩ ላይ አስቀድሞ የተቀረጸ ጠመዝማዛ ቦይም አለ። ቦዩ በስሱ እየተወላወለ የሚሄድ ሲሆን፣ በውልውሉ ውስጥ የዲስኩ ዓይነት፣ የአምራቹ መለያና የሚመከረው የሌዘር ኃይል ተመዝግበዋል። መቅጃው ይህን ካነበበ በኋላ በዲስኩ ውስጠኛ ዳር ለሙከራ በተተወው ስፍራ ኃይሉን ይለካል፤ ከዚያም ሥራውን ይጀምራል።

ጸሐፊ ብራናውን ሳያይ ቀለሙን እንደማይበጠብጥ ሁሉ፣ መቅጃውም ዲስኩን ሳያውቅ በትክክል ሊጽፍ አይችልም። ይሁን እንጂ የመቅጃው እውቀት በተሠራበት ዘመን የተወሰነ ነው። የትኛው ዲስክ በምን ዓይነት የጨረር ምት እንደሚጻፍበት የሚወስነው በመሣሪያው ውስጥ ያለው ፈርምዌር የተባለው ፕሮግራም ነው፤ ከእርሱ በኋላ ለተሠራው ዲስክ የሚሆን ትእዛዝ ግን በውስጡ አይገኝም።

የመጀመሪያው ችግር ከቀለሙ መጣ። ደንቡ ሲጻፍ በአእምሮ የነበረው ሲያኒን የተባለው ቀለም ሲሆን ረዘም ያለ የጨረር ምት ይፈልግ ነበር። በኋላ የተስፋፋው ፍታሎሲያኒን ደግሞ አጠር ያለና በረታ ያለ ምት ይሻል። ከዚህም የተነሣ በሲያኒን ዘመን የተሠሩ አንዳንድ መቅጃዎች በአዲሱ ቀለም ላይ ስሕተት የበዛበት ጽሕፈት ይጽፉ ጀመር።

ሁለተኛው ችግር ፍጥነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው እየተደመሰሰ የሚቀዳበት ሲዲ በመጀመሪያ እስከ 4 እጥፍ ፍጥነት ብቻ ይሠራ ነበር። ከ4 እስከ 12 እጥፍ የሚሠራው ዲስክ ሲከተል፣ የቀድሞዎቹ መቅጃዎች በላዩ ላይ መጻፍ የማይችሉ ሆኑ። በዲቪዲም ቢሆን ሁለት ዓይነት ባዶ ዲስክ ነበር፤ ለባለሙያዎች የተዘጋጀው በ635፣ ለሕዝብ የቀረበው በ650 ናኖሜትር ሌዘር የሚጻፍ በመሆኑ፣ የአንዱ ዲስክ በሌላው መቅጃ አይቀዳም ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚታወሰው ግን እ.ኤ.አ. በ2002 የደረሰው ነው። ፓዮኒር ኤ03 እና ኤ04 የተባሉትን የዲቪዲ መቅጃዎች ለሕዝብ ሲያቀርብ ሁለት እጥፍ ፍጥነት በቂ መስሎ ይታይ ነበር። አፕልም የዚሁ ኩባንያ ሥራ የሆነውን መቅጃ ሱፐርድራይቭ በሚል ስም እ.ኤ.አ. ከጥር 2001 ጀምሮ በኮምፒውተሮቹ ውስጥ አስገብቶ ሸጧል። በ2002 መጨረሻ 4 እጥፍ ፍጥነት ያለው ዲስክ ወደ ገበያ ሲገባ አስደንጋጭ ነገር ታወቀ፤ የቀድሞው መቅጃ በዚህ ዲስክ ላይ ለመቅዳት ቢሞክር ዲስኩ ብቻ ሳይሆን መሣሪያው ራሱ ለዘለቄታው ሊበላሽ ይችል ነበር። ፓዮኒርና አፕል ለደንበኞቻቸው ማስጠንቀቂያ ሰጥተው የታረመ ፈርምዌር በነፃ አቀረቡ። እርማቱን የጫነ መሣሪያውን አተረፈ፤ ማስጠንቀቂያው ያልደረሰው ግን ለአደጋው እንደተጋለጠ ቀረ።

ከዚህ ታሪክ ጋር አንድ የተለመደ እምነትም ሊመረመር ይገባዋል። ብዙዎች ቀስ ብሎ የተቀዳ ሁልጊዜ የተሻለ ነው ይላሉ። ለከፍተኛ ፍጥነት የተዘጋጀ ቀለም ግን ጨረር ቶሎ ይሰማዋል፤ ስለዚህ አሮጌ መቅጃ በ1 ወይም በ2 እጥፍ ፍጥነት ሲጽፍበት ምልክቱ ከልክ አልፎ ሊዛባ ይችላል። የሚበጀው መቅጃውም ዲስኩም የሚያውቁትን ፍጥነት መምረጥ ነው።

ዛሬ ጥያቄው መልኩን ለውጧል። በሲዲ ቀለም ቀዳሚ የነበረው ታይዮ ዩደን እ.ኤ.አ. በ2015 ከዲስክ ሥራ ወጣ፤ ሶኒም የሚቀዳበትን ብሉ ሬይ ማምረት በየካቲት 2025 አቆመ። አዳዲስ ዲስኮች እየቀነሱ ሲሄዱ፣ ለአሮጌው መቅጃ አዲስ እርማት የሚያዘጋጅለት ባለቤትም አብሮ እየታጣ ይሄዳል። ስለሆነም መዝገብ በአደራ የተቀበለ ባለሙያ ሦስት ነገር ሊዘነጋ አይገባውም፤ የመቅጃውን የመጨረሻ ፈርምዌር መያዝ፣ የተቀዳውን ሁሉ በሌላ መሣሪያ አንብቦ ማረጋገጥ፣ የትኛው ዲስክ በየትኛው መቅጃ እንደተጻፈ መዝግቦ ማቆየት። የደንብ ምልክት በዲስኩ ላይ መታተሙ ብቻውን ለጽሕፈቱ ዋስ አይሆንም፤ ዋሱ አንብቦ ያረጋገጠው ባለሙያ ነው።